ቅዱሱ የት አለ?
ስለ መልክዐ ምድር ሥዕልና ስለ አመለካከታችን



በአንድ የገጠር ቁምስና ሳገለግል በነበረበት ዘመን፣ ከውጭ አገር የተላከልኝን ትልቅ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችን ውስጥ ሰቅዬ ነበር። ሥዕሉ ተራራ፣ ሐይቅና ደን ብቻ ነበር፤ ሰው የሚባል አይታይበትም። ከመምህራኑ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው ከተመለከቱት በኋላ፣ «አባ፣ ቅዱሱ የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በዚያን ሰዓት ፈገግ አልሁ። ጥያቄው ግን አልተወኝም። እኚህ አባት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በዚያ ሥዕል ውስጥ ቅዱሱ ሰሌዳውን ሞልቶ ይቆማል፤ ከበስተኋላው ያለው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ወይም ቀይ፣ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ሜዳ ነው። ተመልካቹ ቅዱሱን ያያል፤ ቅዱሱም በትልልቅ ዓይኖቹ ተመልካቹን ያያል። ማንም የማይመለከትህ ሥዕል ከአንተ ምን ይፈልጋል? የምድርን ውበት ስለ ራሱ ብሎ መመልከትስ መልካም ነውን? ወይስ ዓይናችንን ከእግዚአብሔርና ከባልንጀራችን ላይ የሚያነሣ ምቾት ነው? የመልክዐ ምድር ሥዕል ታሪክ ይህንኑ ጥያቄ ተሸክሞ የመጣ ታሪክ ስለሆነ፣ ጥቂቱን አብረን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተራራው ጫፍ ላይ

ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፍራንቼስኮ ፔትራርካ ለአንድ የአውግስጢኖሳውያን ማኅበር መነኩሴ በጻፈው ደብዳቤ እንደተረከው፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1336 ከወንድሙ ከጌራርዶ ጋር በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የቫንቱን ተራራ ወጣ። ከፍታው 1,900 ሜትር ያህል ነው። ለንግድ አልወጣም፤ ስእለትም አልነበረበትም፤ ከፍታውን ለማየት ብቻ ነበር። ወንድሙ በአቋራጩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ እርሱ ቀላል መንገድ እየፈለገ ብዙ ተንከራተተ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ አልፕስ ተራሮች፣ ወደ ሮን ወንዝና ወደ ባሕሩ ተመለከተ፤ ተደነቀም።

ከዚያ በኋላ ይዞት የወጣውን የቅዱስ አውግስጢኖስን «ኑዛዜ» እንደ አጋጣሚ ገለጠ። ዓይኑ ያረፈበትም ክፍል፣ ሰዎች ተራራንና የባሕርን ሞገድ፣ የወንዝንና የከዋክብትን ጉዞ እያደነቁ ራሳቸውን ግን ችላ እንደሚሉ የሚወቅስ ሆኖ አገኘው። ፔትራርካ በራሱ ተቆጣ። መጽሐፉን ዘግቶ፣ ከተራራው ግርጌ እስኪደርስ ድረስ ቃል ሳይናገር ወረደ።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው እዚህ ላይ እየቆመ ነው። መልእክቱም «ተራራውን ተወው፣ ወደ ነፍስህ ተመለስ» የሚል ይመስላል። ነገር ግን ፔትራርካ የገለጠው አሥረኛውን መጽሐፍ ነበር፤ በዚያው መጽሐፍ፣ ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብሎ፣ ቅዱስ አውግስጢኖስ ምድርን፣ ባሕርንና ሰማይን እየዞረ «አምላኬ እናንተ ናችሁን?» ብሎ የሚጠይቅበት ክፍል አለ። ፍጥረታቱም አምላክ እንዳልሆኑ፣ እርሱ ግን እንደሠራቸው ይመልሱለታል። ጥያቄው መመልከቱ ነበር፤ መልሳቸውም ውበታቸው ነበር። እንግዲህ ያው ቅዱስ አባት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱን ይነግረናል፦ ፍጥረትን አይቶ ራሱን የሚረሳ ሰው አለ፤ ፍጥረትን አይቶ የሚጠይቅም ሰው አለ። ልዩነቱ ያለው ከተራራው ላይ ሳይሆን ከተመልካቹ ልብ ውስጥ ነው።

ምድሪቱ ስትሰፋ ቅዱሱ ሲያንስ

በምዕራቡ ዓለም ሥዕል ምድር ለረጅም ዘመን የቅዱሳን ታሪክ ማጀቢያ ነበረች። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን በአንትወርፕ ከተማ ይሠራ የነበረው ዮአኪም ፓቲኒር ሚዛኑን ለወጠ። በእርሱ ሰሌዳዎች ላይ ቅዱስ ሄሮኒሞስ አለ፤ ወደ ግብጽ የምትሰደደው ቅድስት ቤተሰብም አለች፤ ነገር ግን ሰማያዊው አድማስ፣ ገደሉና ወንዙ ሰፍተው፣ ቅዱሳኑ ተፈልገው የሚገኙ ሆነዋል። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬሽት ዱረር በ1521 በጉዞ ማስታወሻው ላይ ፓቲኒርን ጥሩ የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ሲል ጠራው። የሙያው ስም እንዲህ ባለ ተራ ማስታወሻ ላይ መገኘቱ፣ ነገሩ ራሱን ችሎ መቆም እንደጀመረ ያመለክታል።

የእኚያ መምህር ጥያቄ ለፓቲኒር ቢቀርብለት «ፈልጉት፣ ታገኙታላችሁ» ብሎ በመለሰ ነበር። ይህም ራሱ ትምህርት አለው፤ ጸሎተኛው በሰፊው ዓለም ውስጥ ትንሽ ነው፤ ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ ቅዱሱ ፈጽሞ ከሥዕሉ ወጣ። ያኮብ ፋን ራይስዳል በ1670 ገደማ የሃርለምን ከተማ ከሩቅ ሲሥል፣ ከሰሌዳው ሲሶ ሁለቱን እጅ ለሰማይና ለደመና ሰጠው። ከበታቹ በሣር ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚያነጣው የተልባ እግር ጨርቅ ይታያል፤ ከአድማሱ ላይም ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ከፍ ብሎ ቆሟል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሊቃውንቱ ለመልክዐ ምድር ክብር አልሰጡትም። በ1667 ፈረንሳዊው አንድሬ ፌሊቢያን የሥዕልን ዓይነቶች በደረጃ ሲያስቀምጥ፣ መልክዐ ምድርን ከፍራፍሬና ከአበባ በላይ፣ ከሕያዋን እንስሳት ግን በታች አደረገው። የሰው መልክ ከእነዚያ ይበልጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የታላላቅ ሥራዎች ታሪክና ምሥጢር ይቆማል። ምክንያቱም ሰው በምድር ላይ ካሉት የእግዚአብሔር ሥራዎች ሁሉ ፍጹሙ ነው የሚል ነበር።

ሕዝቦች ሁሉ ግን እንዲህ አላሰቡም። በቻይና መልክዐ ምድርን የሚጠሩት «ተራራና ውኃ» ብለው ነው፤ ይህ ዓይነት ሥዕል በዚያ አገር ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ከሥዕል ሁሉ የከበረውን ቦታ ይዞ ነበር። ዞንግ ቢንግ የተባለው ሠዓሊ (375–443) አርጅቶና ታሞ ተራራ መውጣት ሲሳነው፣ የወጣቸውን ተራሮች በቤቱ ግድግዳ ላይ ሥሎ ተጋድሞ በልቡ ይጓዝባቸው እንደነበር ይነገርለታል።

ተራራ በመሠዊያ ላይ

ክርክሩ ፊት ለፊት የመጣው በ1808 ነው። ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ፣ በገና ሰሞን፣ በድሬስደን በነበረው የሥራ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሥዕል ለሕዝብ አሳየ። ክፈፉ እንደ መሠዊያ ሥዕል ክፈፍ ተሠርቶ የስንዴ ዛላ፣ የወይን ሐረግና የእግዚአብሔር ዓይን ተቀርጾበታል። በመካከሉ ያለው ግን የቅዱሳን ታሪክ አይደለም፤ አለታማ የተራራ ጫፍ፣ ጨለም ያሉ የደን ዛፎች፣ ከጫፉም ላይ መስቀል ነው። የተሰቀለው ጌታም ፊቱን ወደምትጠልቀው ፀሐይ መልሷል፤ እኛ የምናየው በጎን ብቻ ነው።

በተከታዩ ዓመት ባሲሊዩስ ፎን ራምዶር የተባለ ሐያሲ ሥዕሉን አጥብቆ ተቃወመ። መልክዐ ምድር በስውር ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በመሠዊያ ላይ ለመውጣት መሞከሩ ድፍረት ነው አለ። የሠዓሊው ወዳጆችም ስለ እርሱ መልስ ጻፉ።

ሐያሲውን በችኮላ ልንንቀው አይገባም። ጭጋግና ተራራ ሲያዩ ልብ መነካቱ እምነት አይደለም። የተነካ ልብ ምንም ሳይታዘዝ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ብዙዎቻችን ፀሐይ ስትጠልቅ አይተን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን፣ በዚያው ምሽት ከጎረቤታችን ጋር ሳንታረቅ ተኝተናል። ሆኖም ራምዶር ጥያቄውን ያቆመው በደረጃ ላይ ነበር፤ የትኛው የሥዕል ዓይነት ለመሠዊያ ይበቃል የሚል ነው። የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሥዕሉ ከተመልካቹ ምን ይጠይቃል የሚለው ይመስለኛል። የቅዱስ ሥዕል በፊታችን ተሰቅሎም እኛ ምንም ላንጠየቅ እንችላለን።

ሰው የጠፋበት መሬት

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

እንግሊዛዊው ቶማስ ጌንዝበራ በ1750 ገደማ የሣለው የባለርስት ባልና ሚስት ሥዕል አለ። ባልየው ጠመንጃውን በክንዱ ይዞ ቆሟል፤ ሚስቱ የሐር ልብሷን ዘርግታ ከዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ከጎናቸው እጅግ ያማረ እርሻ ተንጣሏል፤ አዝመራው ታጭዶ ነዶው በሥርዓት ቆሟል። ያጨደው ሰው ግን የለም። ያሠረውም፣ ያቆመውም የለም። ምድሪቱ በራሷ ፈቃድ ለጌቶቿ የታጨደች ትመስላለች። ሠዓሊው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ውበቱም እውነተኛ ውበት ነው። ነገር ግን ሠራተኛውን አውጥቶ መሬቱን ብቻ የሚያስቀር ዓይን፣ ሳያውቀው ፍርድ ሰጥቷል።

ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ ደግሞ በ1857 ሦስት ቃራሚ ሴቶችን ሣለ። በሩቁ የነዶው ክምር፣ የተጫነው ጋሪ፣ ብዙ አጫጆችና በፈረስ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ በብርሃን ውስጥ ይታያሉ። በቅርቡ ግን ሦስቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ከአጫጅ የተረፈውን ዛላ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። መጽሐፈ ሩትን ያነበበ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቃርሚያ ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው በኦሪት የታዘዘ ሕግ ነው። ሥዕሉ በፓሪስ በቀረበ ጊዜ አንዳንድ ባለጠጎችን አስቆጣ። እርሻው ያው እርሻ ነው፤ አዝመራውም ያው ነው። የተለወጠው፣ ድሀዋ ከፊት መቆሟ ነው።

ይህም የሚሌ አዲስ ግኝት አልነበረም። ፔትራርካ ተራራውን ወጣሁ ባለ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1338 አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በሲየና የከተማ ምክር ቤት ግድግዳ ላይ፣ በምዕራቡ ዓለም ከታወቁት ሰፋፊ መልክዐ ምድሮች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱን መሣል ጀመረ። ርእሱ ተራራና ወንዝ አልነበረም፤ የመልካም አስተዳደር ፍሬ ነበር። ገበሬዎች ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ይወቃሉ፤ መንገደኛው ያለ ፍርሃት ይሄዳል። ከአንጻሩ ባለው ግድግዳ፣ የክፉ አገዛዝ ምድር ባድማ ናት። ሎሬንዜቲ ለገዥዎቹ የነገራቸው፣ የአገር መልክ የፍርዳችሁ መልክ ነው ብሎ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 ስለ ፍጥረት ጥበቃ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የምድር ጉዳይና የድሀ ጉዳይ እንደማይነጣጠሉ አስተምረዋል።

ቢጫው ማሳ

ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት ከመማሬ በፊት ያስተማረኝ አንድ ገበሬ ነው። በጥቅምት ወር ወደ አንድ ራቅ ያለ ጸሎት ቤት ስንሄድ፣ ከአንድ አምባ ጫፍ ላይ ዐረፍ አልን። ከበታቻችን ያለው ሸለቆ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ፣ ልብሰ ተክህኖ የተነጠፈ ይመስል ነበር። «እንዴት ያምራል!» አልሁ። አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ ዝም አሉ። ደግሜ ስናገር፣ «አባ፣ እርስዎ ያዩት ቢጫ እኮ የደረሰ ስንዴ አይደለም። ዋግ መትቶት ነው» አሉኝ።

ወርደን ከማሳው ገባን። ቅጠሉን ስዳስሰው ቢጫ ዱቄት በጣቶቼ ላይ ቀረ። ማሳው የልጃቸው ነበር። ከአምባው ላይ ያመሰገንሁበት ቀለም የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ መጥፋት ነበር። እኔ ያየሁት ሥዕል ነበር፤ እርሳቸው ያዩት ማሳ ነበር። እጅግ አፈርሁ፤ ያን ቀን ስብከቴንም አሳጠርሁ።

ስንመለስ ግን ሽማግሌው እዚያው አምባ ላይ ቆሙ። በትራቸውን ተመርኩዘው ሸለቆውን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም በዝግታ፣ «ቢሆንም፣ ያምራል» አሉ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ እመረምረዋለሁ። የእኔ «ያምራል» ምንም ሳያውቅ የተነገረ ነበር፤ የእርሳቸው ግን ኪሣራውን ሁሉ ቆጥሮ የተነገረ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስመልስ፣ የምድርን ውበት መመልከት መልካም ነው እላለሁ፤ ሽማግሌው እንኳ በዚያ ቀን አልተዉትም። ነገር ግን ከሩቅ አይቶ ማለፍ አይበቃም። ወርዶ መዳሰስ፣ የማን ማሳ እንደሆነ መጠየቅ፣ ከዚያም ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ከወረደ በኋላ የሚመሰገን ምስጋና ከፊተኛው ይከብዳል፤ ይታመናልም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ስለ ፍጥረት ስታስተምሩ ወደ ውጭ አውጧቸው። ተራራውን አሳዩአቸው፤ ይደነቁ። ቀጥሎም እዚያ ማን እንደሚያርስ፣ ውኃው ከስንት ሰዓት መንገድ በማን ጀርባ እንደሚመጣ ጠይቋቸው። የእኚያ መምህር ጥያቄም ያን ጊዜ መልስ ያገኛል። ቅዱሱ ከሥዕሉ ውስጥ ጠፍቶ አልነበረም፤ ከሸለቆው ሥር ጎንበስ ብሎ እየሠራ ስለነበረ ከላይ ሆነን አላየነውም።