የማን ጓዝ ይቅደም?

«ጓዝ» እና «ጉዞ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ቋንቋችን መንገደኛን ከሸክሙ ነጥሎ አያየውም። ስለዚህ ሰው ጓዝ ይያዝ ወይስ አይያዝ ብሎ መከራከር ከንቱ ነው። እውነተኛው የግብረ ገብ ጥያቄ የሚነሣው ቦታ በጠበበ ጊዜ ነው፦ የማን ጓዝ ይቅደም? ጉዳቱንስ ማን ይቀበል? ይህ ጸሐፊ ጥያቄውን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአሶሳ በተነሣ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። መንገዱ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በነቀምት አድርጎ ወደ መሐል አገር ይዘልቃል። ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያው የደረሰ ሰው የአካባቢውን ኑሮ ከጓዙ ያነበዋል፤ ማንጎ የሞላው ዘንቢል፣ የማሽላ ጆንያ፣ ከቀርከሃ የተሠራ ወንበር፣ የነጋዴ ቦንዳ፣ የተማሪ ሻንጣ። ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ቆሞ ገመድ ይወጥራል። ከጣሊያንኛ የወረስነው ይህ ቃል «ጓዝ ተሸካሚ» ማለት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ግማሹን እውነት ብቻ ነው። ጣሪያው ያልቻለውን ጓዝ የሚሸከመው ሰው ነውና፤ በጉልበቱ፣ በእግሩ፣ በትዕግሥቱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የግንቦት ማለዳ፣ መጻሕፍትና አንድ ያልታተመ ተውኔት የያዘ ካርቶን አጠገቤ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። አንዲት እናት የማንጎ ዘንቢል ይዘው ገቡ። ረዳቱ ሁለቱን ጓዞች አየና «ቦታ የለም፤ አንዱ ወደ ላይ ይውጣ» አለ። ሴትዮዋ፣ «ልጄ፣ ማንጎው ከጆንያ ሥር ከዋለ ይፈርጣል፤ ለገበያ አይሆንም» አሉ። እኔም፣ «እናቴ፣ ሰማዩ ጠቁሯል፤ መጽሐፍ ዝናብ ከነካው አለቀለት» አልሁ፤ ስለ መጽሐፍ ክብርም ጥቂት ጨመርሁበት። ረዳቱ ለእኔ ፈረደ። መንዲ ላይ ሲወርዱ ከዘንቢሉ ሥር ጭማቂ ይንጠባጠብ ነበር። ሴትዮዋ ግን «በሰላም ግባ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ።

አልዋሸሁም። ሒሳቤን ከፍያለሁ። የጣስሁት ደንብ አልነበረም። ታዲያ ኅሊናዬ ስለ ምን ከሰሰኝ?

ሚዛን ክብደትን እንጂ ጉዳትን አይለካም። አሥር ኪሎ መጽሐፍና አሥር ኪሎ ማንጎ በሚዛን ፊት እኩል ናቸው። ነገር ግን እኔ ተውኔቱን በጭኔ ላይ ይዤ መጻሕፍቱን በላስቲክ መጠቅለል እችል ነበር፤ እርሳቸው ማንጎውን ከጆንያ ክብደት የሚያድኑበት ዘዴ አልነበራቸውም። እንግዲህ በጠበበ ቦታ ቀድሞ ሊለቅ የሚገባው፣ ጓዙ የረከሰበት ሰው ሳይሆን ሌላ መላ ያለው ሰው ነው።

«የተማረ ሰው ሁልጊዜ ይሸነፍ ማለት ነውን? መጽሐፍስ ከማንጎ ያንሳልን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መጽሐፍና ማንጎን ማበላለጥ ራሱ ስሕተቱ ነበር። ክርክሩ ማሸነፍን ብቻ ስላሳየኝ፣ በጭኔ ላይ የነበረውን ባዶ ቦታ ሳላየው ቀረሁ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በዚያ ዘንቢል ውስጥ ከሃምሳ የሚበልጥ ማንጎ አልነበረም፤ በአውቶቡሱም ውስጥ የሰው ጭን አልጠፋም። የጠፋው «አምጡት፣ እንካፈለው» የሚል አንድ አፍ ነበር። ያ አፍ የእኔ ሊሆን ይገባው ነበር፤ እኔ ግን ለሌላ ክርክር አዋልሁት።

በክልሉ የጉሙዝ ሴት ሸክሟን በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው በትር ሁለት ጫፍ አመዛዝና ትሸከማለች። አንዱ ጫፍ ብቻ ከተጫነ መራመድ አይቻልም። የጋራ ጉዞም እንዲሁ ነው። የአሶሳ ምድር ጓዝን ማስጣል ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በአካባቢዋ የሠፈሩ ወገኖች ብዙዎቹ ቤት ንብረታቸውን ወደ ኋላ ትተው ነበር የመጡት። ለሌላው «ይቅርብህ» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሚቀርበት ግን ጓዙ ቤቱ ነው።

በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ተውኔት ስለ ድሃ ሸክም የሚናገር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ተውኔት በሙሉ ልብ ማንበብ አልቻልሁም። መምህር፣ የሥራ ኃላፊና የኪነ ጥበብ ሰው ሁሉ ቃል ያለን ሰዎች ነን፤ ቃል ያለው ሰው ደግሞ ክርክር ያሸንፋል፤ ወንበርም ያገኛል። ስለዚህ ከማሸነፋችን በፊት ጭናችንን እንመልከት፤ ምናልባት ባዶ ይሆናል።