ጾመኛ ነኝ ቢልስ?

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር «በሞቴ!» ተብሎ የተዘረጋ እጅ ጉርሻውን ይዞ አይመለስም። ከስድስት ዓመት በፊት በባሕር ማዶ ጨጓራው በቀዶ ጥገና እንቁላል ያህል የተደረገለት ዘመዴ ለጥየቃ ሊሄድ ሲሰናዳ፣ «ጾመኛ ነኝ ብዬ ባመልጥስ?» አለኝ። በእርግጥ ጾመኛን ማንም አያስገድድም። የእሱን ሕመም ግን ማን ያውቅለታል? ማሩ ላብና የልብ ምት ያመጣበታል፤ ጠጁ ፈጥኖ ደሙ ውስጥ ይገባል።

እኔ አይበጅም ባይ ነኝ። ጾም ይፈታል፤ የእሱ ጥንቃቄና ቫይታሚን ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ ቸል ካለ የቀነሰው ክብደት ከዓመታት በኋላም ይመለሳል። ደግሞስ ለፋሲካ ምን ሊል ነው? አክስቱ እውነቱን ብትሰማ መጀመሪያ ትከፋለች (ማጉረስ ፍቅሯ ነውና)፤ ቀጥላ ትንሽ ጉርሻ እንዴት እንደሚጠቀለል ታስባለች።