ሽታው የጠፋ በርሜል

መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ብረት ሲቀጠቀጥ በሚውልበት ሰፈር፣ አንድ አዛውንት በርሜል ሻጭ ነበሩ። ገዢ ሲመጣ ከዋጋው በፊት «ምን ልታደርጊበት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ መልሱ ብዙ ጊዜ «ለውኃ» ነው። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው የበርሜሉን አፍ ያሸታሉ። ፀረ ተባይ የነበረበት ከሆነ አይሸጡትም፤ ማንም ውኃ እንዳይሞላበት መቀመጫውን በመዶሻና በወፍራም ምስማር ይበሱታል።

በኬሚስትሪ የተመረቀ የእህታቸው ልጅ ሥራ እስኪያገኝ ሊያግዛቸው መጣ። እሳቸው በሌሉበት ቀን አንዱን በርሜል በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ፣ በአሸዋ ፈትጎ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። አዛውንቱ ተመልሰው ቢያሸቱ ምንም የለም።

«መርዙስ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ስፌቱ ውስጥ ትንሽ ሊቀር ይችላል። ግን ማንም አያውቅበትም።»

«እኔ ሳልማር አፍንጫዬ ሰው ያድን ነበር። አንተ ተምረህ መጥተህ አፍንጫዬን ነሳኸኝ» አሉና ምስማራቸውን አነሱ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ቀመሩን በሚገባ ያውቃል። ለአፍንጫ የማይታወቅ መርዝም ስላለ አዛውንቱ የእሱ እውቀት ያስፈልጋቸው ነበር። ችግሩ ያስተማሩት ሰዎች ውኃውን ማን እንደሚጠጣ ፈተና ላይ ጠይቀውት አለማወቃቸው ነው። የፀረ ተባይ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ጊዜው ያለፈበት ከ1,000 ቶን በላይ ፀረ ተባይ ከአገራችን ተጭኖ፣ በደህና የሚቃጠልበት ቦታ ፍለጋ እስከ ፊንላንድ ሄዷል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሥነ ምግባርና ዜግነት ትምህርት ይወስዳሉ። ደግ ተደርጓል። ሆኖም በአንድ ሴሚስተር ተፈትነውበት የሚገላገሉት ትምህርት፣ ተማሪው ከዓመታት በኋላ ኮስቲክ ሶዳውን በእጁ ሲይዝ ትዝ አይለውም። ሥነ ምግባር ቦታው እዚያው ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ከሚዛኑና ከብልቃጡ አጠገብ ነው።

ኬሚስትሪ፣ ምሕንድስና፣ ኮምፒውተር የምታስተምሩ መምህራን፣ በሚቀጥለው ፈተናችሁ ላይ «የሠራኸውን ማን ይጠቀምበታል? ምንስ ሊያደርስበት ይችላል?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ። ማርክም ያዙበት።