«የልጅ ኢያሱ ብር» ስለተባለው ነገር

በል ልጄ፣ ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ። ነጋዴው የላከልህን ፎቶ አየሁት። «የልጅ ኢያሱ ብር ነው፣ ለናሙና ተመትቶ የቀረ፣ ሁለተኛ የለውም» ብሎሃል። በለውጡ ደግሞ የአያትህን ሦስት ጠገራ ይፈልጋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። አንተ ሞኝ አይደለህም፤ ሰውየው ግን መጥረቢያውን ስሎ መጥቷል።

ፍኖተ ሰላም ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ የልጅ ኢያሱን ነገር ይወዱት ነበር። በ1901 አልጋ ወራሽ ተባሉ፤ ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ አገሩን ያዙ፤ መስከረም 1909 ዘውድ ሳይደፉ ወረዱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገበያ የሚገበያየው የምኒልክ መልክ ባለበት ብርና በጠገራ ነበር። በ1924 ከፍቼ አምልጠው ወደ እኛው ጎጃም ሲያመሩ ተያዙ፤ በነገሩ እጃቸው አለበት የተባሉት ራስ ኃይሉም ግዛታቸውን አጡ። ለልጅ ኢያሱ አዝናለሁ። ግን እሳቸው ባለሥልጣን ሆነው ሳለ ገበያው ያላያትን ብር ነጋዴው ዛሬ ከየት አመጣት?

ዙፋኑ ይገባኛል ባይ ብር ሲመታለት አይታወቅም አልልህም፤ ባሕር ማዶ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1830 የፈረንሳዩ ቻርልስ 10ኛ ዘውዱን ለትንሽ የልጅ ልጁ ትቶ ወረደ። ዙፋኑን ግን ሌላ ዘመድ ወሰደው። የልጁ ደጋፊዎች «ሄንሪ 5ኛ» የሚል፣ የሕፃን ፊት ያለበት የአምስት ፍራንክ ናሙና በ1831 አስመቱ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚላቸው አልነበረም። ልጁ አድጎ፣ ሸምግሎ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ምክር ቤቱ ሊያነግሠው ሲያሰላስል «ባለ ሦስት ቀለሙን ባንዲራ አልቀበልም፣ ነጩ ካልሆነ» ብሎ ቀረ። በ1883 ሳይነግሥ ሞተ። ብሩ አለ፤ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፣ ልዩነቱ የላሟ ምስል በብር ላይ መቀረጹ ብቻ ነው።

ከእንግሊዝ የተሰደደው የንጉሥ ጀምስ 2ኛ ልጅም እንዲሁ ነበር። በ1716 የብር መምቻ ቅርጽ ተቀረጸለት፣ እሱ በ1766 ሞተ፣ ከአሮጌው ቅርጽ ብር የተመታለት ደግሞ በ1828 ነው። ልብ በል፤ ብር ላይ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት ምስክር አይሆንም።

የአያትህም ጠገራ ብትሆን እንደዚያው ናት፣ አልደብቅህም። 1780 ይላል፤ መልኳ ያለባት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ግን ቁጥር የለውም። እሷም ዙፋኗን በጠብ ነው ያጸናችው፤ በ1740 አባቷ ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ተነሥቶባት ስምንት ዓመት ተዋጋች። እኛ አገር ግን ማንም አልተነሣባትም። ገበሬው የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁዎች በጣቱ እየቆጠረ፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፅዋን እየሰማ ነበር የሚቀበላት። ዳሯን ብታይ በላቲን «በፍትሕና በርኅራኄ» ይላል። ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1887 ፓሪስ ያስመቱትን ብር ሲያመጡ ያው ገበሬ ጠገራዬን ስጡኝ አለ። እንደ ንጉሡ አጎንብሱ ይባላል፤ በብር ነገር ግን የጎጃም ሰው አላጎነበሰም።

አያቶችህ ያዩትን ልንገርህ። ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዙፋን ይገባኛል ሲሉ አምስት ዓመት ኖረው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ከሱዳን ድንበር በኡም ኢድላ ገብተው ወደ እኛ ወደ ቡሬ አቀኑ። የእንግሊዝ መንግሥት ለዘመቻው የሚያወጣት ገንዘብ ጠገራ ነበረች፤ ቦምቤይ ድረስ ያስመታት ነበር። ጣሊያኑም የራሱን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው እያለ፣ ለጎጃም ሰው ለመክፈል እሷኑ በሮም ያስመታ ነበር። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንዲት የውጭ አገር ሴት መልክ ተጫረቱ! ሐምሌ 1937 የወረቀቱ ገንዘብ ወጥቶ ቦታዋን እስኪወስድ ድረስ እሷ ነበረች የምትታመነው።

እንግዲህ ሦስቱን ጠገራ ያሰብክ ለታ ይህን አስብ፤ በሬ ገዝተዋል፣ ጥሎሽ ሆነዋል፣ ግብር ከፍለዋል። ያ ሰውዬ የሚያሳይህ ግን በገበያ ያልተፈተነ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ጠገራህን ሚዛን ላይ አስቀምጣት፣ ሃያ ስምንት ግራም ገደማ ካልመዘነች ተዋት። የእሱንም መዝንበት፤ እንቢ ካለህ መልስህ ያው ነው። ልብህ ካልረጋ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄደህ አሳያቸው፤ ቅርስ ነው ከተባለ በአዋጅ 209/1992 ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደማይቻልም ለነጋዴህ ንገረው። ጠገራዎቹን በአመድና በሎሚ አትፈትግ፣ ዕንቁዎቹ ይጠፋሉ። ደግሞ አንተ ብቻ አትወስን፤ አክስትህም ድርሻ አላት፣ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ አስቀምጠህ አማክራት።