ኋላ ደጀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፣ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፤

ቅዱስ ጳውሎስ ክርስቲያናዊውን ሕይወት በእሽቅድምድም መስሎ አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. 9፥24)። እኛም ዛሬ ከረጅም የብስክሌት ጉዞ አንድ ትምህርት እንውሰድ።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነው። በጥር 1995 ዓ.ም. ደግሞ ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን የሚደርስ፣ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የብስክሌት ጉዞ ተጀመረ። ጉዞው በአገራችን ባለፈባቸው ዓመታት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ የሚያቋርጣት አዲስ ዘመን፣ የእኛ የእብናት መንገድ ከዋናው ጎዳና የሚገናኝባት ከተማ ናት።

የአንዱን ቀን ሥርዓት እንመልከት። ማለዳ የተጓዦቹ ጓዝ ሁሉ በአጃቢ መኪና ይጫናል። አንድ መኪና ቀድሞ ሄዶ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ምሳና ውኃ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከሁሉም በኋላ አንድ ጠንካራ ብስክሌተኛ ይነዳል። ይህ ሰው መቅደም ሳያቅተው፣ ጎማው የተነፈሰበትንና ጉልበቱ የከዳውን እየጠበቀ ከሁሉ መጨረሻ ይገባል። የታመመውንም መኪናው ይጭነዋል። አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ሥራ ኋላ ደጀን ይሉታል።

በጎጃም ደጀን ከተማን አልፎ መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም እስከ ጎሐ ጽዮን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይጠብቃል። ሜዳውን አብረው የነዱ ሁሉ በዚህ ዳገት ይለያያሉ። ብርቱው ላይ ወጥቶ ሲያርፍ ደካማው ገና ከታች በፀሐይ ይቃጠላል። የደጀን ጥቅም የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ወገኖቼ፣ አማሌቅ እስራኤልን በመንገድ ላይ የመታው ከየት በኩል እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁን? ከኋላ ነው፤ ደክመው የቀሩትን ነው (ዘዳ. 25፥17-18)። ጠላታችን ዲያብሎስም ይህን ልማድ አልተወም። ሦስት እሑድ የቀረውን፣ የደንብ ልብስ መግዣ አጥቶ ያፈረውን፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ደብረ ታቦር ሄዶ ብቻውን የሆነውን፣ ወድቆ ንስሐ መግባት የፈራውን ያደባበታል። እኛስ ምን እናደርጋለን? «እርሱ እኮ ከመጣ ቆየ» ብለን ስሙን ከመዝገብ እንሰርዛለን፤ በጉባኤው የተገኘነውን ቆጥረንም «ሁላችን አለን» እንላለን።

ያዕቆብ ግን እንዲህ አላደረገም። ዔሳው አብረን እንገሥግሥ ቢለው፣ ሕፃናቱና የሚያጠቡት ከብቶች እንዳይጎዱ በእነርሱ እርምጃ ልክ በቀስታ መሄድን መረጠ (ዘፍ. 33፥13-14)።

ይሁን እንጂ መርዳት ማለት በሰው ፈንታ ፔዳል መርገጥ አይደለም። ኤልያስ ሞትን ተመኝቶ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ አዝሎ አልወሰደውም። ነቢዩ በልቶና ጠጥቶ ተነሣ፤ 40 ቀንና 40 ሌሊትም በእግሩ ሄደ (1ኛ ነገ. 19፥5-8)። ለእኛም የጌታችን ቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ የመንገድ ስንቅ ሆኖ ተሰጥቶናል። የደከመውን ወንድማችንን እስከዚህ ማዕድ እናድርሰው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን የሚሄደው ራሱ ነው፣ እኛም አጠገቡ ነን። አንተም የደከምህ ወንድሜ፣ አንቺም የቀረሽ እህቴ፣ ስንቅ መቀበል አያሳፍርም። ኤልያስም ተቀብሏል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ከመካከላችን የጎደለ አንድ ሰው እናስብ። ቤቱ እንሂድ፤ ሩቅ ከሆነ ደብዳቤ እንጻፍለት ወይም እንደውልለት። «ለምን ቀረህ?» ብለን ከመውቀስ በፊት «እንዴት ከረምህ?» እንበለው። ከፈቀደም ወደ ንስሐ አባቱ አብረነው እንሂድ። ጉባኤያችን ደረሰ የሚባለው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነውና።

እግዚአብሔር አምላካችን የደካሞች ደጀን ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።