የኔ ቢጤ እና ካሜራው

ቪዲዮውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ወጣቱ የዱቄት ከረጢት ተሸክሞ ወደ አንዲት እናት ይጠጋል፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ነው፣ ከኋላ በገና ይደረደራል። እሷ ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች። ከስር አሜን በአሜን ነው።

ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ ክርስቶስ ስለዚህ የተናገረው ግልጽ ነው፦ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራው እንኳ መስማት የለበትም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ትምህርቱ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም፤ ያው የቀኝና የግራ እጅ ምሳሌ በሐዲስም አለ። ግማሽ ዘመዱ ጁምዓ ግማሹ ቅዳሴ የሚሄድ የመርሳ ልጅ ከሁለቱም በኩል ሲሰማው ነው ያደገው።

ግን ነገሩ እዚህ ላይ አያልቅም። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ጃራ የሚባል የተፈናቃዮች መጠለያ አለ፤ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች የኖሩበት። ከዋሽንግተን ብር የሚልክ ዘመድ «ደረሰ ወይ?» ቢል ልክ ነው። በመንገድ ተበልቶ የሚቀር እርዳታ አለና። ስውርነት ሌባንም ይሸፍናል። ጳውሎስም ይሄ ገብቶታል። ለኢየሩሳሌም ድኆች መዋጮ ሲሰበስብ ማንም እንዳይጠረጥረው ቲቶን አብያተ ክርስቲያናት ከመረጡት ወንድም ጋር ልኳል (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። ሐዋርያው በራሱ ላይ ኦዲተር ጠራ ማለት ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። በሙያችን ሎግ የሚባል ነገር አለ፤ ብሩ መቼ፣ ስንት፣ ከየት ወዴት እንደሄደ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ መመርመር ያለበት ሰው ይመረምረዋል። የደንበኛውን ስምና ቀሪ ሂሳብ ግን መግቢያው ገጽ ላይ የሚለጥፍ የለም። ጳውሎስም የከፈተው የብሩን መንገድ ነው እንጂ የድኆቹን ፊት አይደለም።

«ፈቅዳ እኮ ነው የተቀረጸችው» ይባላል። ከረጢቱ ቀራጩ እጅ ላይ እያለ እንዴት እምቢ ትበል? «እስማማለሁ» ከሚለው ሌላ ቁልፍ የሌለው ገጽ ፈቃድ ጠየቀ አይባልም።

የሚከብደኝ መከራከሪያ ሌላ ነው። ክርስቶስ ራሱ በቤተ መቅደሱ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት አይቶ፣ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ ነግሯቸዋል። ይሄ ፖስት ማድረግ አይደለም ወይ? ብዙ አሰብኩበት። የነገረው ግን ስለ ሰጪዋ ነው፤ ስሟን አልጠራም፣ ወደ እሱም አላቆማትም። የተራበውን በተመለከተ ማቴዎስ 25 ላይ ያለው ሌላ ነው፦ የተራብኩት እኔ ነኝ ይላል። ይህን የሚያምን ሰው ካሜራውን ማን ላይ እንደደቀነ ያስብበት።

አማርኛችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። ከሰጪው እኩል ያደርገዋል ማለት ነው። (ስሙን ያወጣው ሰው ስልክ አልነበረውም።) ወልድያም በጦርነቱ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ኔትወርክም ባንክም ሳይኖራት ከርማለች። ያኔ ያለው ለሌለው ሲያካፍል የሚቀርጽ አልነበረም፤ ማን ለማን እንደሰጠ የሚያውቁት የሰጠና የተቀበለ ብቻ ናቸው።

አንድ ጊዜ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ገጽ ስሠራ «ፊት ከሌለው ማን ይልካል?» ተብያለሁ። የከረጢት ፎቶ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የተፈረመ የርክክብ ወረቀት ይበቃል ባይ ነኝ። ብሩ ይቀንስ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የሚያቃጥለው፤ የእኔን ጥንቃቄ ዋጋ የምትከፍለው ያቺ እናት ናት። «ክብርሽ ወይስ ዱቄቱ?» ብትባል ልጆቿን አይታ ዱቄቱን ትላለች፣ ማንም አይፈርድባትም። ምርጫውን ፊቷ ያስቀመጥነው ግን ስልካችንን ይዘን የተቀመጥነው ነን፤ እንባዋን ካላየን እጃችን ወደ ቴሌብር የማይሄደው።