በባሕር ውስጥ የተሰወሩት



ከአውስትራሊያ በስተ ምሥራቅ ባለችው በኒው ካሌዶኒያ ደሴት፥ በኑሜያ ከተማ፥ የባሕር ፍጥረታት የሚጠበቁበትና ለሕዝብ የሚታዩበት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የዚያ ቤት ባልደረባ የነበረው ጆርጅ ባርጊባንት ከባሕር የወጣ፥ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የኮራል ዓይነት በጠረጴዛ ላይ አኑሮ ይመረምር ነበር። በዚያን ጊዜ በኮራሉ ቅርንጫፍ ላይ ጅራቷን ጠምጥማ የተጣበቀች፥ ርዝመቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዓሣ አየ። ራሷ የፈረስ ራስ ስለሚመስል የባሕር ፈረስ ከሚባሉት ዓሦች ወገን ናት። ኮራሉ እንደ ዕንቡጥ ያሉ ትናንሽ ጉብታዎች አሉት፤ የዓሣዋም ገላ በዚያው መጠንና በዚያው ቀለም ጉብጉብ ያለ ነው። ስለዚህም እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሊቃውንት ዘንድ የሚያውቃት አልነበረም። ኮራሉን ነቅሎ ወደ ብርሃን ያወጣው ሰው እንኳ እርሷን ፈልጎ አልነበረም። ዛሬ ሳይንሳዊ ስሟ በዚህ ሰው ስም ይጠራል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2014፥ በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ባለሙያዎች ይህችን ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለማራባት ቻሉ። ወላጆቹ ብርቱካንማ ነበሩ። ግልገሎቹ ግን ቡናማ ሆነው ተወለዱ፤ በሐምራዊ ኮራል ላይ ባረፉ ጊዜም ሐምራዊ ሆኑ። ቀለማቸውን የወሰዱት ከወላጆቻቸው ሳይሆን ካረፉበት ቤት ነው። ሕፃናትን የምታስተምሩ ወገኖቼ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንድትሉ እለምናችኋለሁ።

ስለ መሰወር ሲነሣ አሳባችን ፈጥኖ ወደ አዳም ይሄዳል። አዳም በገነት ዛፎች መካከል የተሸሸገው ከኃጢአቱ የተነሣ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር የተሸሸገውን ሰው ድምፁን አሰምቶ ፈለገው፤ ከገነት ከማስወጣቱም በፊት ልብስ አድርጎ አለበሰው። ጌታችን ራሱ ሊወግሩት ድንጋይ ባነሡ ጊዜ ተሰውሮ ከመቅደስ እንደ ወጣ ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፏል። እንግዲህ የተሰወረ ሁሉ በደለኛ ነው ማለት አይቻልም። ድንኳ የባሕር ፈረስ የምትሰወረው ደካማ ስለሆነች ነው፤ የምትሮጥበት ጉልበት፥ የምትዋጋበት ጥርስ የላትም።

ለማደን የሚሰወርም አለ። ለእኛ ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር የድንጋይ ዓሣ የሚባለው ይኖራል። በኮራል ስብርባሪ መካከል ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፤ ገላው ሻካራ ቋጥኝ ይመስላል፤ ትንሽ ዓሣ ስትቀርበው ዓይን ሳይረግብ ይውጣታል። በጀርባው ላይ መርዝ ያለባቸው 13 እሾሆች አሉት፤ የረገጠው ሰው በብርቱ ይሠቃያል። አንዳንድ ሰባኪ ይህን ዓሣ የሰይጣን ምሳሌ አድርጎ ለማቅረብ ይቸኩል ይሆናል፤ እኔ አልወደውም። በአምስተኛው ቀን እግዚአብሔር በባሕር የሚንቀሳቀሱትን ፈጥሮ መልካም እንደ ሆኑ አይቷል፤ የድንጋይ ዓሣም ከእነዚያ አንዱ ነው። ዓሣ አይዋሽም፤ ውሸት ፈቃድ ያለው ፍጥረት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሕንድ ውቅያኖስና በፓሲፊክ፥ በቀይ ባሕርም ጭምር፥ በኮራል ቋጥኞች አጠገብ አንድ ትንሽ አጽጂ ዓሣ ይኖራል። ቀጭን ነው፤ በጎኑ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመር ተዘርግቷል። የታወቀ ቦታ ይዞ ይቆማል፤ ትላልቅ ዓሦችም ወደ እርሱ እየመጡ ተራ ይጠብቃሉ። እርሱም ከገላቸው ላይ ተባይ ይለቅማል፤ አዳኞቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ሲቆሙለት በጥርሳቸው መካከል ገብቶ በሰላም ይወጣል። አንዱ አጽጂ በቀን ወደ 2000 ጊዜ ያህል እንዲህ እንደሚያገለግል ተቆጥሯል። (እርሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ተባዩን ትቶ የደንበኛውን ገላ ይቆነጥራል፤ ሌሎች ዓሦች ሲመለከቱት ግን ይበልጥ ይጠነቀቃል ይላሉ ያጠኑት። በዚህ ፈገግ ያለ ካህን እኔ ብቻ አልሆንም።)

በዚያው ሥፍራ ሌላ ዓሣ አለ። ወገኑ ፈጽሞ ሌላ ሲሆን መጠኑ፥ ቀለሙ፥ ጥቁር መስመሩ የአጽጂው ነው፤ የአጽጂውን ውዝዋዜ እንኳ ይወዛወዛል። ደንበኛው አምኖ በቀረበ ጊዜ ከክንፉ ወይም ከቆዳው ቦጭቆ ይሸሻል። ለይቶ ለማየት የሚፈልግ አፉን ይመልከት፤ የእውነተኛው አፍ ከፊቱ ጫፍ ላይ ነው፥ የአስመሳዩ ግን ከታች ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ባለሙያዎች እንደ ጻፉት በብዛት የሚታለሉት ገና ያልለመዱት ወጣት ዓሦች ናቸው።

ልብ በሉ፤ አስመሳዩ አይሸሸግም። በአደባባይ፥ ሁሉ በሚያየው ቦታ፥ በአገልጋይ መልክ ቆሞ ነው የሚጎዳው። የተሸሸገችው የባሕር ፈረስ ግን ማንንም አላታለለችም ማለት ይቻላል፤ ከምትመገባቸው ጥቃቅን ነፍሳት በቀር።

በቁምስናዎቻችን የምናደርገው ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቅዳሴው ሳያልቅ የሚወጣውን ሰው እንጠረጥራለን። ንስሐ ለመግባት ወደ ሩቅ ቁምስና የሚሄደውን እናማለን። ከዐረብ አገር ተመልሳ የደረሰባትን ለእናቷ እንኳ ያልተናገረችውን ልጅ «ምን ሆነሽ ነው ከሰው የማትቀላቀዪው?» ብለን እናስጨንቃለን። በፊት ቆሞ በሚያገለግለው፥ ቁልፍ በያዘው፥ ሕፃናት በሚሰበስበው ላይ ግን ጥያቄ ማንሣት ነውር ይመስለናል። ጌታ በበግ ለምድ ስለሚመጡት ሲያስጠነቅቅ በፍሬያቸው እንድንለያቸው እንጂ በልብሳቸው እንድንረካ አላስተማረንም። ቤተ ክርስቲያን ይህን በብዙ እንባ ተምራለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሕግ፥ ካህናትና ገዳማውያን የሰሙትን በደል ለቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣን እንዲያስታውቁ፥ ሀገረ ስብከቶችም አቤቱታ የሚቀርብበትን መንገድ እንዲያዘጋጁ አዘዋል። ይህ ሕግ እኛን ካህናትን ከሁሉ አስቀድሞ ይመለከተናል።

ስለዚህ፥ መምህራን ሆይ፥ አንድ ሕፃን ከአንድ አገልጋይ ቢሸሽ «ባለጌ» ተብሎ አይገሠጽ። የሸሸበት ምክንያት በእርጋታ፥ በሚያምነው ሰው ፊት ይጠየቅ። የተነከሰው ያውቃል።

ስለ ኮራሉ ያልተናገርሁት ቀርቷል። የባሕሩ ሙቀት ከመጠን ሲያልፍ ኮራሉ በውስጡ የሚኖሩትን፥ ቀለምና ምግብ የሚሰጡትን ረቂቅ ዋቅላሚዎች ያወጣና ይነጣል። እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ባሉት ዓመታት ከዓለም የኮራል ቋጥኞች ከ80 ከመቶ በላይ ለዚህ የሚያበቃ ሙቀት ደርሶባቸዋል። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ በነጣ ወይም በሞተ ኮራል ላይ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦች በጤናማው ላይ ካሉት ይልቅ በአዳኞች ይበላሉ። ቤቱ ሲነጣ የተሰወረው ይጋለጣል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የኮራል ቋጥኞችን በየብስ ካሉት ታላላቅ ደኖች ጋር ያነጻጸሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጅግ ብዙ ዓይነት ፍጥረት የሚጠለለው በእነርሱ ነው። ጉባኤያችንም ለደካማ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ነው። ፍቅር ከውስጡ የወጣ ቁምስና ግድግዳው ቢቆምም፥ በውስጡ ተጠግቶ የነበረውን ሰው ለሐሜተኛ ዓይን አሳልፎ ይሰጣል።

የአርማትያስ ዮሴፍ አይሁድን ስለ ፈራ በስውር ደቀ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ኒቆዲሞስም ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነበር። ጌታ በሌሊት የመጣውን እንግዳ በሌሊት ተቀብሎ አስተማረው፤ በቀን ተመለስ አላለውም። ሞት እንኳ ቢመጣ እንደማይክዱት በግልጥ የተናገሩት ሐዋርያት በተበተኑበት በዚያ ዓርብ ቀን፥ ጲላጦስ ፊት ገብቶ ሥጋውን የለመነው ዮሴፍ ነበረ፤ ኒቆዲሞስም መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ተሸክሞ፥ ገና ሳይመሽ መጣ።